መጽሐፉ 20 ነው፣ ልጆቹ ዝም ብለዋል፦ ለተፈናቃይ ልጆች ስለ ማንበብ

ጥያቄው፦ «ቡሬ አካባቢ የመዋለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ከመተከልና ከወለጋ ተፈናቅለው ለመጡ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር መጽሐፍ እናነብላቸዋለን። ወደ 40 ልጆች ናቸው፣ ከ4 እስከ 12 ዓመት። ያለን 20 መጽሐፍ ነው፣ ሁሉንም አንብበን ጨርሰናል። ልጆቹ ዝም ብለው ይሰማሉ፣ አንዳንዱ ይተኛል፣ አንዲት ልጅ ጭራሽ አታወራም። ሰዎች ‹ለራበው ልጅ ተረት ምን ያደርግለታል› ይሉናል። ልቀጥል ወይስ ልተወው? ብቀጥልስ መጽሐፍ ከየት ላምጣ?»

መልስ፦

እህቴ፣ እንዳትተዪው። ግን እንዳለም አትቀጥዪው።

ከጻፍሽው ሁሉ የመጽሐፉ ማለቅ አላሳሰበኝም። 20 መጽሐፍ ለዓመት ይበቃል። ያሳሰበኝ «ዝም ብለው ይሰማሉ» ያልሽው ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጨዋነት ያየዋል፤ ልጆቹ ጸጥ ካሉ ንባቡ ተሳካ ይላል። እኔ ደግሞ በዚህ ሥራ ውስጥ እንደቆየ ሰው የምነግርሽ፣ ለልጅ ማንበብ የሚጠቅመው በመጽሐፉ ዙሪያ በሚወራው ወሬ ነው። ወሬ ከሌለ መጽሐፉ 20 ሆነ 200 ልዩነቱ ትንሽ ነው።

መጀመሪያ ግን ለሰዎቹ መልስ እንስጣቸው። የራበው ልጅ ተረት አይሰማም፣ ይኼ እውነት ነው። ስለዚህ ሰዓቱን አስተካክዪ። እርዳታ በሚታደልበት ቀን አታንብቢ፤ እናትም ልጅም ሰልፍ ላይ ናቸው፣ ልባቸው ያለው ስንዴው ጋ ነው። ልጆቹ ቁርስም ሆነ ምሳ፣ የተገኘችውን ቀምሰው በሚመጡበት ሰዓት አድርጊው። ንፍሮ ወይም ቆሎ ማቅረብ ከቻላችሁ ደግሞ እሰየው፣ ግን ለመጣው ሁሉ ይሁን እንጂ «ደህና ለሰማ» የሚሰጥ ሽልማት አታድርጉት። ሽልማት ከሆነ ልጁ የሚመጣው ለቆሎው ነው፣ ቆሎው ባለቀ ቀን ይቀራል። «ዳቦ ወይስ መጽሐፍ» የሚለው ክርክር ግን ለእኔ አይገባኝም። አንቺ ማንበብ ስላቆምሽ ለማንም አንድ ጣሳ ስንዴ አይጨመርለትም።

የሚተኛውን ልጅ ተዪው ይተኛ። መጠለያ ውስጥ ወይም ዘመድ ቤት ተጨናንቆ የሚያድር ልጅ ነው፤ ሌሊት ሕፃን ያለቅሳል፣ ሰው ይገባል ይወጣል። አንቺ ጋ እንቅልፍ ከወሰደው ቦታው ተመችቶታል። ነጠላ ጣል አድርጊለትና ቀጥዪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኛ አገር፣ በተለይ ጎጃም፣ ጮክ ብሎ ማንበብ አዲስ ነገር አይደለም። የኔታ ይላሉ፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይቀበላሉ፤ ፊደሉም፣ መልእክተ ዮሐንሱም፣ ዳዊቱም እንደዚያው ነው የሚዘለቀው። በቃል ለመያዝ ይህን የሚያህል ዘዴ የለም፣ እኔም ፊደል የቆጠርኩት እንደዚያ ነው። ችግሩ ይህንኑ ወደ ተረት መጽሐፍ ስናመጣው ነው። አንዷ ታነባለች፣ 40 ልጅ ይደግማል ወይም ዝም ይላል፣ በቃ። እኔ ለተረት መጽሐፍ የምመርጠው የቅኔ ቤቱን መንገድ ነው። እዚያ ተማሪው የሰማውን ብቻ አይመልስም። የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ለየኔታ ይነግራል፣ ያርሙለታል፣ ደግሞ ይሞክራል።

ይህን በጥናት ካዩት ሰዎች መካከል ግሮቨር ዋይትኸርስት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። ከባልደረቦቹ ጋር በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ሁለት ዓይነት ወላጆችን አነጻጸረ። ሁለቱም ለትንንሽ ልጆቻቸው ያነባሉ። የአንደኛው ቡድን ወላጆች ግን ልጁን እያስወሩ ማንበብ ሰልጥነዋል፦ መጠየቅ፣ የልጁን መልስ ተቀብሎ ትንሽ ማስረዘም፣ እንዲደግመው ማድረግ። አንድ ወር ያህል ነው የተሞከረው። እያወሩ ሲነበብላቸው የቆዩት ልጆች በንግግር ችሎታ ከሌሎቹ በወራት ቀድመው ተገኙ። «እነዚያ የተደላደሉ ፈረንጆች ናቸው፣ ከእኛ ጋር ምን አገናኛቸው» የሚል ይኖራል፣ ልክም ነው። ስለዚህ የኬፕታውን ዳር የድሆች ሰፈር የሆነችውን ካየሊቻን ልጨምርልሽ። እዚያ አሳዳጊዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ለ8 ሳምንት ከሕፃናት ጋር መጽሐፍ ማየትን ሰለጠኑ፤ ልጆቹ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ናቸው። ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲታተም የልጆቹ ቋንቋም ትኩረትም መሻሻሉን አሳየ።

ወሬ ብቻ አይሁንብሽ፣ በአንድ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ላሳይሽ። አንድ ሥዕል አለ እንበል። ሴትዮዋ እህል አስጥታለች፣ እሷ ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች፣ ፍየል መጥታ ስጡን ትበላለች። ጽሑፉ ሁለት መስመር ነው። ወዲያው አታንብቢው። ሥዕሉን አሳዪና ጠይቂ።

«እዚህ ምን ይታይሻል?»

«ፍየል።»

«አዎ፣ ፍየል! ስጥ የምትበላ ፍየል። እስቲ አንቺም በዪው።»

«ስጥ የምትበላ ፍየል።»

«ሴትዮዋ ስትመጣ ምን የምትል ይመስልሻል?»

እዚህ ላይ ዝም በዪ። በሆድሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። አብዛኞቻችን የምንወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ ጠይቀን ልጁ አፉን ሳይከፍት ራሳችን እንመልሳለን። ታገሺ፤ አንዱ ከኋላ «ኧረ እች ሌባ!» ይላል፣ ሁሉም ይስቃል። ሌላው «በድንጋይ ትላታለች» ይላል። ሌላዋ ደግሞ «አትመታትም፣ ጡት የምታጠባ ፍየል ናት» ትላለች፣ ለምን እንዲህ እንዳለች ሥዕሉ ላይ ግልገል ታሳይሻለች፣ አንቺ እስከዚያ ድረስ ግልገሉን አላየሽውም። በቃ፣ ንባቡ ተጀመረ ማለት ይሄ ነው። ሁለቱን መስመር ከዚያ በኋላ አንብቢ።

ጥያቄውን ከቀላሉ ጀምሪ። ለትንንሾቹ «ይኼ ምንድን ነው?»፣ «የት አለ?»። ለከፍ ያሉት «ምን እያደረገች ነው?»፣ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?»። «ለምን» ትንሽ ይቆይ፤ ገና ያልለመደሽን ልጅ «ለምን» ብለሽ ከጀመርሽው እንደተከሰሰ ነው የሚቆጥረው። «ተሳስተሃል» የሚባል ነገር የለም። ልጁ ፍየሏን በግ ካላት «አዎ፣ በግ ትመስላለች፣ ጺሟን አየኸው? ፍየል ናት» ብለሽ እለፊ። ተረቱ ሲያልቅ «ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» የምትለዋን ጥያቄ ደግሞ ለእኔ ስትዪ ተያት። ልጆቹ የምትፈልጊውን መልስ ያውቁታል፣ «መስረቅ መጥፎ ነው» ይሉሻል፣ ወሬው እዚያው ይሞታል።

ይህ ግን ከ40 ልጅ ጋር አይሆንም። ከ6 እስከ 8 ልጅ ይበቃል፣ ሁሉም ሥዕሉን በቅርብ ማየት አለበት። ሦስት አራት ጓደኞች ካላችሁ አራት ክብ አድርጉ፣ የተረፉት ልጆች ተራቸው እስኪደርስ ይጫወቱ። ሰው ካነሰ ደግሞ አንዱ ቡድን ሲያነብ ሌላው ሰኞ ማክሰኞ ይጫወት፣ ገበጣ ይጫወት፣ ሥዕል ይሣል፤ ከዚያ ተቀያየሩ። የ11 እና የ12 ዓመቶቹን ከትንንሾቹ ጋር ሰሚ አድርገሽ አታስቀምጫቸው፣ ይሰለቻሉ፣ ያፍራሉም። አንባቢ አድርጊያቸው። ዓርብ ማታ መጽሐፉን ስጫቸው፣ ይለማመዱት፣ ቅዳሜ ለአራት ትንንሽ ልጆች ያንብቡ። ከትምህርት ገበታ የራቀ የ12 ዓመት ልጅ ሳያፍር የልጅ መጽሐፍ የሚያነብበት መንገድ እንዲህ ነው የሚገኘው።

አንድን መጽሐፍ ደግሞ ደጋግሙት። ቢያንስ ሦስት ቅዳሜ። በመጀመሪያው ቀን ታሪኩን ይያዙት፣ በሁለተኛው አስወሪያቸው፣ በሦስተኛው እነሱ ሥዕሉን እያዩ ይተርኩልሽ፣ ካመቸም ፍየሏንና ሴትዮዋን ሆነው ይጫወቱት። ለትልቅ ሰው ያሰለቻል። ልጅ ግን የሚያውቀውን ታሪክ ይወዳል፤ ያላሰበው ነገር በአንድ ሌሊት የደረሰበት ልጅ ደግሞ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማወቁ ራሱ ያሳርፈዋል። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ አንባቢዋ፣ አጀማመሩም አይቀያየር። «ተረት ተረት» ብለሽ «የላም በረት» ሲሉሽ ጀምሪ፣ «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለሽ ጨርሺ። (አንዱ «ዳቦው የታለ?» ማለቱ አይቀርም። ንፍሮው እዚህ ጋ ይመጣል።)

ቋንቋውን አላነሳሽውም፣ ግን እርግጠኛ ነኝ እዚያው አለ። ከወለጋ ከመጡት ልጆች መካከል በአፋን ኦሮሞ የተማሩ ይኖራሉ። አማርኛ አቀላጥፈው ያወራሉ፣ የሚያነቡት ግን ቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ነው። ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ እዚህ ሲመጣ «ሀ ሁ» አያውቅም ተብሎ ከሕፃናት ጋር ይቀመጣል። ይህ ልጅ ማንበብ ይችላል እኮ! የፊደል ጉዳይ ነው። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ መጽሐፍ ፈልጊለትና ለጓደኞቹ ያንብብላቸው፤ አማርኛውን ፊደል ከዚያ በኋላ በቶሎ ይይዘዋል፣ ድምፅና ምልክት ማገናኘት አንዴ ገብቶታልና። ከመተከል ከመጡት ውስጥ ደግሞ አገውኛ፣ ሽናሽኛ ወይም ጉሙዝኛ አፍ የፈቱ ይኖራሉ። ቋንቋውን የምትችል እናት ወይም ታላቅ እህት ከጎንሽ ትቀመጥ፣ ገጽ በገጽ በራሳቸው ቋንቋ ታውራላቸው። ልጁ «ፍየል»ን በአገውኛ ቢልሽ ተቀበዪው፣ አማርኛውን ጨምሪበት። «በአማርኛ ተናገር» ማለት ግን ዝም በል ማለት ነው።

ወደማታወራዋ ልጅ ልምጣ፤ ቀስ ብዬ ልጽፈው የምፈልገው ይህን ነው። አታስገድጃት። «እስቲ አንቺም ተናገሪ፣ ሁሉም ተናግሯል» የሚለው ለእሷ ቅጣት ነው። መናገር የማይጠይቅ ሥራ ስጫት፦ ገጽ ትግለጥ፣ ፍየሏን በጣቷ ታሳይ፣ መጽሐፉን ትያዝ። አጠገብሽ ትቀመጥ። ስትጠቁምሽ አንቺ በቃል ተናገሪላት፣ «አዎ፣ ግልገሉን አገኘሽው»። ሌሎቹ ልጆች «እሷ አትናገርም» ሲሉ «ስትፈልግ ትናገራለች» በዪና እለፊ። ወር ሊፈጅ ይችላል፣ ከዚያም በላይ። መጀመሪያ የምታወራው ከአንቺ ጋር ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከእሷ ለሚያንስ ልጅ ነው የሚያንሾካሹኩት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጆቹን «ምን ደረሰባችሁ? ምን አያችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። አንቺ መምህርት ነሽ፣ ያን ጉድ ከፍተሽ መዝጊያው የለሽም። መጽሐፍ ጥሩነቱ ልጁ ስለ ፍየሏ ግልገል እያወራ ስለ ራሱ ማውራት መቻሉ ነው፤ ሲፈልግ ይገባበታል፣ ሲበቃው ይወጣል። አንድ ቀን አንዱ በንባብ መሃል «የእኛም ቤት ተቃጥሏል» ይልሻል። ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ አንቺም ትደነግጪያለሽ። አትሽሺው፣ አትቆፍሪውም። «ሰማሁህ። በጣም ያስፈራ ነበር። አሁን እዚህ ከእኛ ጋር ነህ» በዪው። ሌላ ልጅ መጨመር ከፈለገ ይጨምር፣ ካልፈለጉ ትንሽ ቆይተሽ ወደ መጽሐፉ ተመለሺ። መጽሐፍ ስትመርጪም በመጀመሪያዎቹ ወራት እናት የሚጠፋበት፣ እሳት የሚነሳበት ተረት ይቆይ። የእኛ ተረት ደግሞ ጅብ ይበዛዋል፣ ጅቡ የሚሞኝበትን ምረጪ። የሚያስቅ ይሁን።

እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ፣ እንደ አዲስ አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ፣ ራሱን የሚጎዳ፣ ምግብ እንቢ ያለ ልጅ ካየሽ ይኼ የመጽሐፍ ጉዳይ አይደለም። ከእናቱ ጋር ተነጋገሪና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም እንዲያውቀው አድርጊ።

ፎቶም አለ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጆቹ መጽሐፍ ይዘው ይሰለፋሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። እባክሽ ከልክዪ። ቢያንስ በንባብ ሰዓት አይሁን፤ የልጁ ፊት የሚታይበትን ደግሞ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ ማንም አያንሳ። ብዙ ድርጅት ይከፋዋል። ይክፋው።

እናቶቹን የት አደረስሻቸው? ጥያቄሽ ውስጥ አላየኋቸውም። አንቺ በሳምንት አንድ ሰዓት ነሽ፣ የቀረው ሰዓት የእነሱ ነው። «ማንበብ አንችልም» ይሉሻል። አያስፈልግም፤ ቅድም ያልኩሽ የፍየሏ ወሬ ውስጥ ፊደል የት አለ? ሥዕሉን እያዩ ማውራት ይችላሉ፣ ተረት ደግሞ ከእኔም ከአንቺም ይበልጥ ያውቃሉ። ቡና ሲፈላ አንድ መጽሐፍ ይዘሽ ሂጂና ከልጅሽ ጋር እንደምታወሪ ሆነሽ አሳያቸው። እንቆቅልህም ይጠይቋቸው፣ «ምን አውቅልህ» የሚል ልጅ እያሰበ ነው፤ አገር ስጠኝ ሲባባሉ ደግሞ ያልተፈናቀለበትን አገር ይሰጣጣሉ፣ ይስቃሉም። ዮርዳኖስ ውስጥ ራና ዳጃኒ የምትባል የባዮሎጂ ምሁር በ2006 እ.ኤ.አ. በሰፈሯ መስጊድ ለልጆች ማንበብ ጀመረች። የእሷ ዘዴ ቀላል ነው፤ የሰፈሩን ሴቶች አሰልጥኖ እዚያው ለሰፈራቸው ልጆች በራሳቸው ቋንቋ እንዲያነቡ ማድረግ። ቆይቶ የሶሪያ ስደተኞች ካምፖች ድረስ ገብቷል። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ሲሄድ ንባቡ አብሮት አይሄድም፣ አንባቢዋ የካምፑ ሰው ናትና። ቡሬም ላይ ይሠራል ብዬ የማስበው ይህን ነው፤ ከተፈናቃዮቹ መካከል ሦስት አራት ወጣት ሴቶች ምረጪና አሰልጥኛቸው።

የአካባቢው ልጆችም ይምጡ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ እኮ ብዙ የጎጃም ልጅ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት ነው የዋለው። ሰላም በነበረበት ጊዜም ቢሆን በ2010 እ.ኤ.አ. በተደረገ የንባብ ምዘና፣ በአገሪቱ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ስለዚህ ችግሩ የተፈናቃዩ ብቻ አይደለም። «የተፈናቃዮች ንባብ» የሚባል ነገር ሲሆን ደግሞ ልጁ ላይ ስም ይለጠፋል። የቅዳሜ ንባብ ይባል፣ በቃ።

መጽሐፍ ከየት ላልሽው፦ ስልክ ካላችሁ አፍሪካን ስቶሪቡክና ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ የሚባሉ ድረ ገጾች በነፃ የሚወርዱ የልጆች መጻሕፍት አሏቸው፣ በአማርኛም አለ፤ ሁለተኛው ላይ አፋን ኦሮሞም ታገኛለሽ። መብራትና ኔትወርክ ሲኖር አውርደሽ አስቀምጪ፣ ገንዘብ ሲገኝ የተወሰኑትን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሚ። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ግድ የለም፣ ልጆቹ ቀለም ይቀቡታል። ለአገውኛ የአዊ ዞን ትምህርት መምሪያን ጠይቂ፤ እዚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአገውኛ ስለሚሰጥ ያረጀም ቢሆን የመማሪያ መጽሐፍ አይጠፋም። የቀረውን ራሳችሁ ሥሩ። እናቲቱ ትተርካለች፣ አንቺ ትጽፊያለሽ፣ ልጆቹ ይሥላሉ፣ በካርቶን ሸፍናችሁ በመርፌና ክር ትሰፉታላችሁ። ልጆች ስማቸው የተጻፈበትን መጽሐፍ ከታተመው አስበልጠው ነው የሚይዙት።

መጽሐፎቹንም አትቆልፊባቸው። በየቢሮው ቁም ሣጥን ውስጥ ንጹሕ ሆኖ የተቀመጠ የልጆች መጽሐፍ አይቼ አይቼ ሰልችቶኛል። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፣ ከዚያ ደግሞ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ልጆቹ ወሰዱ። አንቺ አህያም አያስፈልግሽም። በደብተር ስም መዝግበሽ ለሳምንት አውሺ። ይቀደዳል፣ ወጥ ይፈስበታል፣ ሁለት ሦስቱ ይጠፋል። የጠፋበትን ልጅ ደግሞ አትቆጪው፣ ካልሆነ ከመጽሐፉ ጋር ልጁም ይቀራል።

ለረጂዎች ማመልከቻ ስትጽፊ «መጽሐፍ ስጡን» ብቻ አትበዪ። ብዙ ሥዕል ያለው፣ ጽሑፉ አጭር፣ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ኮፒ ብለሽ ጻፊ። አምስት ኮፒ ካለሽ አራቱም ክብ በአንድ ቀን አንድ መጽሐፍ ያነባል፣ አንዱ ይተርፋል፣ ለልጆች የሚዋሰው እሱ ነው። ካልነገርሻቸው 100 ዓይነት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጭነው ይመጣሉ፤ ቢመጣም አትመልሽው፣ ሥዕሉን ትጠቀሚበታለሽ።

ቅዳሜ በአንድ ክብ ብቻ ሞክሪው፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀይሪ። የቁቤዎቹ ልጆች ስንት እንደሆኑና ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ጻፊልኝ፣ ለእነሱ ለብቻው የምነግርሽ አለኝ።